ሌሊት የሚጠፋው ሰዓት ምን ይሰጣት ነበር?

ጉዳዩ የአንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ነው። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ ግን እተወዋለሁ። ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋች ነው። ባለትዳር ናት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ የምትሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ የማስተርስ ኮርሶቿን ጨርሳ የመመረቂያ ጽሑፏ ቀርቷት ነበር። ማስረከቢያው ስድስት ወር ቀርቶታል፣ በእጇ ያለው ግን መግቢያውና የተዝረከረከ የማስታወሻ ክምር ነው።

«ጊዜ የለኝም» ትላለች። ሁላችንም እንላለን። እሷ ግን ያልሞከረችው የለም። የዕቅድ አፕ ጭናለች። ደወሏን ለንጋት 11 ሰዓት ሞልታለች። ቀኑን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ሸንሽና በቀለም ለይታለች። ሶሻል ሚዲያውን ከስልኳ አጥፍታ፣ ሳምንት ሳይሞላ መልሳ ጭናለች። እያንዳንዱ ዘዴ ትንሽ ጊዜ ይይዝላታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይዘለላል፣ በማግስቱም ይዘለላል፣ አፑ ላይ ቀይ ምልክቱ ሲበዛባት ደግሞ ጭራሽ መክፈቱንም ትተዋለች።

አንዱን የዕቅድ ገጿን አሳየችኝ። ከንጋቱ 11 እስከ 12 ተኩል «ጽሑፍ» ይላል። ከዚያ እስከ 2 ሰዓት «ልጆች፣ መንገድ»። ከዚያ ሥራ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 «ቤት፣ ጥናት፣ ልጆችን ማስተኛት»። ከ3 እስከ 4 ተኩል እንደገና «ጽሑፍ»። 4 ተኩል ላይ «እንቅልፍ»። መስመሮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው፣ የእጅ ጽሑፉም የሚያምር ነው። ግን ገጹን ከላይ እስከ ታች ብታዩት አንዲት ባዶ መስመር የለውም። ሁሉም ሰዓት የሆነ ሰው ነው፤ የአለቃ፣ የልጆች፣ የቤት፣ የዩኒቨርሲቲ።

በተግባር የሚሆነውስ? ልጆቹ ሲተኙ ላፕቶፑን ትከፍታለች፣ ትንሽ ትታገላለች፣ ትዘጋዋለች። ቤቱ ጸጥ ሲል ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ትይዛለች። አጫጭር ቪዲዮ፣ የማታውቃቸው ሰዎች የቤት እድሳት፣ የማትገዛው ልብስ። ቀና ስትል ከሌሊቱ 6 ተኩል ሆኗል። ንጋት ላይ ደወሉ ይጮኻል፣ ታጠፋዋለች። የጠዋቱ የጽሑፍ ሰዓት በዚያው ይቀራል። ቀኑን ፈዛ ትውላለች፣ ማታ በራሷ ትናደዳለች፣ ከዚያ ያው ሶፋው ላይ ናት።

የራሷ ፍርድ አጭር ነበር። «ሰንፌያለሁ። ዲሲፕሊን የለኝም።»

እኔ ይሄ አልተዋጠልኝም። የወር መዝጊያ ሒሳብ አሳልፋ የማታውቅ፣ ሁለት ልጅ በሰዓቱ ትምህርት ቤት የምታደርስ ሴት እንዴት ዲሲፕሊን የላትም ይባላል? ሰው በሌላው ሁሉ በርትቶ በአንድ ሰዓት ላይ ብቻ፣ ያውም በየቀኑ በዚያችው ሰዓት ላይ የሚሸነፍ ከሆነ፣ እዚያ የሚያገኘው ነገር አለ። ዕቅዱ ያን ነገር አያውቀውም ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቅድ ማውጣቱን አቆምን። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይር እንድትመዘግብ ተስማማን። ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ። አንዱ «ምን ሠራሁ»፣ ሌላው «ምን አገኘሁበት»። ሰዓቱን መመዝገብ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ጊዜው የት እንደገባ ይናገራል። ለምን እንደገባ ግን አይናገርም። ለምን የሚለውን ሳናውቅ የምናደርገው ደግሞ ቀዳዳውን መድፈን ብቻ ነው፣ እሱ ሲደፈን በሌላ በኩል ይፈስሳል። አንድ ነገር አጥብቄ ለመንኳት። «ሁለተኛውን ዓምድ እንዳታሳምሪው። መረጃ ካላገኘሽ መረጃ አገኘሁ ብለሽ አትጻፊ።»

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይዛ መጣች።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ «ዘና አልኩ» ብላ አልፋለች። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ግን ሌላ ነገር ጽፋለች። «ማንም አልጠራኝም።» ከሥሩ አስምራበታለች። በማግስቱ ደግሞ «ያየሁትን የመረጥኩት እኔ ነኝ» ይላል።

ይህችን መስመር ሳያት ጉዳዩ ወለል ብሎ ታየኝ። ቀኑን ሙሉ ትጠራለች። ቤት ውስጥ «እማዬ!»፣ ቢሮ ውስጥ «አንዴ ነይ እስቲ»፣ ስልኳ ላይ የትምህርት ቤቱ መልእክት፣ የአማካሪዋ ኢሜይል። በራሷ ፈቃድ የምታደርገው የመጀመሪያ ነገር የሚጀምረው ከምሽቱ 4 ተኩል በኋላ ነው። ቪዲዮው ለእሷ ትልቅ ነገር አልነበረም። ነፃነቷን የምታገኝበት ብቸኛ ሰዓት ግን ያ ነበር፣ የምትከፍለውም በእንቅልፏ ነው።

ደብተሩ ላይ ሌሎችም ነገሮች ነበሩ። ቢሮ ውስጥ ባልደረቦቿ ኤክሴል ሲያስቸግራቸው ወደ እሷ ይመጣሉ። በቀን ውስጥ ተጠራቅሞ ከሰዓት በላይ ይሆናል። «እምቢ ማለት አልችልም» ብላ ስታማርርበት የነበረ ነገር ነው። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ግን ምን አለ? «ስህተቱን አገኘሁት፣ ደስ አለኝ።» እንግዲህ ከዚህ ጎን የመመረቂያ ጽሑፉን መስመር አስቀምጡት። «ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ምንም አልሄደም። ደደብ የሆንኩ መሰለኝ።» አንዱ ጋ ችሎታዋ ይታያታል፣ ሌላው ጋ ይጠፋባታል። ሰው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

እሁድ ከሰዓት ከእህቷ ጋር በስልክ የምታወራው ረጅም ወሬም ነበር። ዕቅዷ ላይ «መቀነስ ያለባቸው» በሚለው ሥር የገባ ነው። ዓምዱ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች፦ «ሳቅኩ»።

ስለ ሰው ፍላጎት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ፍላጎቶችን በአምስት ከፍሏቸዋል፤ የሰውነት ፍላጎት፣ ደኅንነት፣ ፍቅርና ወገን፣ ክብር፣ ከዚያም ራስን እውን ማድረግ፣ ማለትም መሆን የሚችሉትን ሆኖ መገኘት። በየሥልጠናው የሚታየውን ባለሦስት ማዕዘን ሥዕል እሱ አልሳለውም፣ በኋላ ሌሎች የጨመሩት ነው። ይህን የማነሳው ሥዕሉ ጉዳት ስላለው ነው። አንዱ ደረጃ ሳይሞላ ወደ ሌላው አይወጣም የሚል ስሜት ይሰጣል። ማስሎ ግን አንድ ፍላጎት መቶ በመቶ ሳይሟላም ቀጣዩ ብቅ እንደሚል እዚያው ጽፏል። እንደ ምሳሌ የሰጣቸው ቁጥሮችም አሉ። ተራ ሰው የሰውነት ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ የደኅንነት 70፣ የፍቅር 50፣ የክብር 40፣ ራስን እውን የማድረግ ፍላጎቱ 10 በመቶ ተሟልቶለት ይኖራል ይላል። የተለኩ ቁጥሮች አይደሉም፣ ሐሳቡን ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ናቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ሁሉም ፍላጎት በአንድ ጊዜ በከፊል ይርበዋል፣ ሁሉም የሚሻማው ደግሞ ያንኑ ቀን ነው።

ለጓደኛዬ ደብተር ይበልጥ የቀረበው ግን የኤድዋርድ ዴሲና የሪቻርድ ራያን ሥራ ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሦስት መሠረታዊ የሥነ ልቦና ፍላጎቶችን ለይተዋል። በራስ ፈቃድ መንቀሳቀስ፣ እችላለሁ ብሎ መሰማት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። አሁን ደብተሩን አስታውሱት። «ማንም አልጠራኝም።» «ስህተቱን አገኘሁት።» «ሳቅኩ።» እሷ እነዚህን ሰዎች አንብባ አታውቅም። ጊዜ አባካኝ ብላ የፈረጀቻቸው ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ እነዚህን ሦስት ፍላጎቶች ሲመግቡ ነው ያገኘናቸው። ሦስቱንም ቆርጣ ነበር ዕቅድ የምታወጣው።

ሌላ የረዳን ሰው ቺሊያዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማንፍሬድ ማክስ ኒፍ ነው። ፍላጎት ሌላ፣ ፍላጎቱን የምናሟላበት መንገድ ሌላ ነው ይላል። ፍላጎቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ዘጠኝ ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ ነፃነትም ዕረፍትም በየራሳቸው ከዘጠኙ ውስጥ አሉ። መንገዶቹ ግን ብዙ ናቸው። አንዳንዱ መንገድ አንዱን ፍላጎት እያሟላ ሌላውን ይጎዳል፣ አንዳንዱ ያሟላ ይመስላል እንጂ አያሟላም፣ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ፍላጎት ያሟላል። ስልኩ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ነፃነት ይሰጣታል፣ እንቅልፏን ይወስዳል። ለአዋቂ ሰው በመደበኛነት ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚና የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 በጋራ አስታውቀዋል። የእሷ ብዙውን ጊዜ አምስት ተኩል ገደማ ነበር።

መኝታን ያለ ምንም የውጭ ምክንያት ማዘግየት ራሱን የቻለ የጥናት ርዕስ ሆኗል። ፍሎር ክሩዘ የተባለች ኔዘርላንዳዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጥናት አሳትመውበታል፣ ራስን ከመግዛት አቅም ጋርም አያይዘውታል። ይህ እውነትነት አለው፣ ሰው ማታ ይዝላል። ጓደኛዬ ላይ ያየሁት ግን ራስን የመግዛት አቅሟ ቀኑን ሙሉ ለሌሎች ሲከፈል ውሎ ማለቁን ነው። ስለዚህ «ራስሽን ግዢ» የሚለው ምክር በእሷ ላይ ጭካኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ቀላል ይመስላል፣ ግን ከሁሉ ከባዱ እሱ ሆነ። የምሽቱን የነፃነት ሰዓት ቀደም ወዳለ ሰዓት ማምጣት። ከባለቤቷ ጋር ተነጋገሩ። ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ልጆቹን እሱ ይይዛል፣ እሷ በር ዘግታ የፈለገችውን ታደርጋለች። ወዲያው ምን አለች መሰላችሁ? «ይሄ ሰዓት ካለኝማ ጽሑፌን ልጻፍበት!»

አይሆንም አልኳት። በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተከራከርን። የእሷ ክርክር ምክንያታዊ ነው፤ ማስረከቢያው ደርሷል፣ አንድ ሰዓት ተገኝቷል፣ እንዴት ዝም ብዬ አሳልፋለሁ ነው የምትለው። የእኔ ክርክር ደግሞ ደብተሩ ነው። ይህን ሰዓት ለጽሑፉ ከሰጠሽው እንደገና ባዶ መስመር የሌለው ገጽ ይኖርሻል፣ ያ ነፃነት የሚባለው ነገር ደግሞ የትም አይሄድም፣ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ መጥቶ ድርሻውን ይወስዳል። ጽሑፉ ቦታ የሚያገኘው እንቅልፍሽ ሲመለስ ነው፣ ጠዋት። ልትሞክረው ተስማማች፣ ግን አላመነችኝም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች በዚያ ሰዓት ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። ተኛች። አንድ ቀን ቁም ሳጥን አስተካከለች፣ ከዚያ ይሄም ሥራ ነው ብላ ተወችው። በኋላ ከዓመታት በፊት የጀመረችውን የጥልፍ ሥራ አወጣች። ስልኳንም አየች፣ አልከለከልናትም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሆነው ነው ያስገረመኝ፤ ከምሽቱ 4 ተኩል ላይ ሶፋው እንደ ድሮው እንዳልሳባት ጻፈች። ስልኩን ሌላ ክፍል ማሳደር የጀመረችውም ያን ጊዜ ነው። ቀድሞ ሞክራው ነበር፣ አልሠራም። አሁን የሠራው ፍላጎቱ ቀድሞ ሌላ ቦታ ስላገኘ ይመስለኛል።

ጽሑፉን በተመለከተ የቀየርነው የሥራውን መጠን ነው። «ምዕራፍ ሁለት» ብሎ ዕቅድ ላይ መጻፍ ሰውን ያሸንፋል። ቡለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀዋቸው ነበር። ግምታቸው በአማካይ 34 ቀን ገደማ፣ የፈጀባቸው 55 ተኩል ነው። ሁላችንም እንዲህ ነን፣ የራሳችንን ሥራ አሳንሰን እንገምታለን፣ ሳይደርስልን ሲቀር ችሎታችንን እንጠረጥራለን። ስለዚህ የጠዋቱ ሥራ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ሆነ። አንድ ሠንጠረዥ። የአንድ ምንጭ ማጠቃለያ። የሁለተኛው ዓምድ ጽሑፍ ቀስ በቀስ ተለወጠ፣ «ሠንጠረዡ አለቀ፣ ቁጥሩ ይገጥማል» የሚል አየሁ። ኤክሴል ላይ የምታገኘው ደስታ ዓይነት ነው። ለነገሩ የጽሑፏ ዳታ ትንተና ራሱ የእሷ ሙያ ነው፣ ስለዚህ ከሥነ ጽሑፍ ዳሰሳው ቀድማ ያንን እንድትሠራ አማካሪዋን አስፈቀደች። ይህ የእሷ ሐሳብ ነበር፣ እኔ አላሰብኩትም።

የባልደረቦቿን ጥያቄ አልቆረጥነውም። ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ እንዲመጡ ነገረቻቸው፣ ብዙዎቹ ተቀበሉ። የእህቷም ወሬ ቀጠለ። አሁን እየተራመደች ነው የምታወራው፣ ሰውነቷም ይንቀሳቀሳል፣ ትስቃለችም። ማክስ ኒፍ ብዙ ፍላጎት በአንዴ ያሟላል ያለው ይህን መሰል ነገር ነው።

ሁሉም ቀጥ ብሎ አልሄደም። የሩብ ዓመት ሒሳብ መዝጊያ መጣ፣ ባለቤቷም በዚያው ሰሞን ለሥራ ከከተማ ወጣ። የምሽቱ ሰዓት ተቋረጠ። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የፈጀው፣ ሶፋው ተመለሰ። ደውላ «አበቃ፣ ያው ነኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ይህን እንደ ማስረጃ ነው ያየሁት። ሰዓቱ ሲነሳ ሌሊቱ ከተመለሰ፣ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው ማለት ነው። ለመዝጊያ ሳምንታት ሌላ ዕቅድ አወጣን፤ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፣ የራሷ ሰዓት ግን ወደ ግማሽ ሰዓት ቢያንስም አይነካም። ሲጨናነቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው የራሱን ሰዓት ነው፣ እኛ ግን ገለበጥነው።

ሌላው ያላሰብነው ባለቤቷ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «እኔስ?» አለ። ልክ ነው። ከቢሮ ገብቶ ትንሽ ብቻውን የሚሆንባት ሰዓት ነበረችው፣ ያቺ ነች ወደ እሷ የዞረችው። ቅዳሜ ጠዋት የእሱ እንዲሆን ተስማሙ። ይህን የምጽፈው ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚወጡ ምክሮች አንድ ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ ያለ አስመስለው ስለሚናገሩ ነው። የአንዱ ነፃ ሰዓት ከሌላው ይመጣል፣ ስለዚህ የሌላውንም ሁለተኛ ዓምድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውጤቱ? ጽሑፉ በተባለው ቀን አልደረሰም። ተጨማሪ ጊዜ ጠይቃ፣ ተፈቅዶላት አስረከበች፣ አልፋለችም። አብዛኛውን ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ትተኛለች። ሰዓቱ የሚያልፍባት ሌሊት አሁንም አለ፣ ግን ሲያልፍባት «ዛሬ ምን ጎደለኝ?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ ራሷን አትሳደብም። ለእኔ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው።

ይህ ግን የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ልጆቹን ሊይዝ የሚችልና ፈቃደኛ የሆነ ባል ነበራት። ቋሚ የሥራ ሰዓት ነበራት። ሁለት ሥራ እየሠራች ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ጋ ሄጄ ሁለት ዓምድ ስሪ ብላት አላግባብ ነው። እሷ ጋ የጎደለው ጊዜው ራሱ ነው፣ ደብተር ደግሞ ሰዓት አይፈጥርም። ለእሷ የሚያስፈልጋት የሚያግዛት ሰው ነው።

ታሪኩን የነገርኳቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሁለተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፍ ነገር ባይኖርስ?» ይኖራል እንዲህ ዓይነት ሰዓት። ጓደኛዬም ነበራት። በየሥራው መሐል፣ አንድ ነገር ጨርሳ ሌላ ሳትጀምር፣ የዜና ገጾችን ትከፍታለች። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ደበረኝ» ብላለች። እሱን ለመተው አፕም፣ ደወልም፣ ክርክርም አላስፈለገም። ደብተሩን የዘጋች ዕለት ተወችው፣ እስካሁንም አልተመለሰችበትም።